አክብሮት በመውለድ ይገኛል ወይስ በሥራ? ከደምበጫ ዙሪያ ለጠየቁ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው በአማራ ክልል፣ በጎጃም፣ በደምበጫ ዙሪያ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ፣ በእርሻ የሚተዳደሩ አባት ናቸው። የ17 ዓመት ልጃቸው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ 11ኛ ክፍል ትማራለች፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤት ትመጣና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ልጅቱ ትንሽ ሳለች ሴት አያቷ አንዲት ሴት ግልገል ሰጥተዋት ነበር፤ ግልገሏ አድጋ ወለደች፤ ልጅቱም «የእኔ ናት» እያለች ስትጠብቃት ኖረች፣ ቤቱም ሁሉ «የእሷ በግ» እያለ ሲጠራት ኖረ። ዘንድሮ የማዳበሪያ ክፍያ ሲደርስ አባት በጓን ከነግልገሏ ለፋሲካ ገበያ አውጥተው ሸጡ፤ ለልጃቸው ግን አልነገሯትም። ቅዳሜ ጠዋት ከብቱ ሲወጣ በጓን አጥታ ስትጠይቅ «በቤቴ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፤ አንቺም ጭምር» ብለው መለሱላት። እሷም የአባቷ ታላቅ ወንድም ለቡና በተቀመጡበት «አክብሮት በሥራ ነው እንጂ በመውለድ አይገኝም» አለች። አባት ዱላ አነሡ፤ እናት መካከል ገቡ፤ ልጅቱ በዚያው ቀን ወደ ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ስንቋንም የጎረቤት ልጅ ያደርስላታል። ታላቅ ወንድማቸው «ድንጋይ ተሸክማ መጥታ ጉልበትህን ትሳም፤ እምቢ ካለች ርገማት» ብለው መክረዋቸዋል። አባት የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ የወለድኳት ልጅ እንድታከብረኝ መሥራት ይጠበቅብኛል ወይ? ስለ በጓ ይቅርታ ብጠይቃትስ ከዚያ በኋላ በቤቴ ሥልጣን ይኖረኛል ወይ?

ወንድሜ፣ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ፣ የራስዎን ንግግር እንኳ ሳያለሰልሱ መጻፍዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል። በቤተሰብ ምክር ሥራዬ የማገኛቸው ብዙ ወላጆች የልጃቸውን ክፉ ቃል በሙሉ፣ የራሳቸውን ግን በግማሽ ነው የሚነግሩኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በልጅዎ ላይ ያለዎት የወላጅነት ሥልጣን በእሷ ፈቃድ ወይም ግምገማ የተገኘ አይደለም፤ በዚህ ልጅዎ ተሳስታለች። ያ ሥልጣን ግን በጓን የእርስዎ አላደረጋትም፤ በዚህ ደግሞ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት። ልጅዎ «በሥራ ይገኛል» ያለችው ነገርም ከነጭራሹ የሌለ አይደለም፤ ልጅ በወላጇ ላይ የምትጥለው እምነትና ምክሩን ከልቧ ለመስማት ያላት ፈቃደኝነት ነው፤ ይህን ማንም አባት በትእዛዝ አግኝቶት አያውቅም።

ከሥልጣኑ ልጀምር። ሕፃን ሲወለድ ምን እንደሚመገብ፣ መቼ እንደሚከተብ፣ የት እንደሚያድር የሚወስንለት ሰው በዚያው ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ወላጁ ብቁ መሆኑ እስኪረጋገጥ የሚቆይበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የወላጅ ሥልጣን ከግዴታው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ልጅን የመመገብ፣ የማሳከም፣ የማስተማርና የመጠበቅ ሸክም የተጫነበት ሰው ያንን ሸክም የሚወጣበት የመወሰን መብት ሊኖረው ግድ ነው። ሕጉም የያዘው ይህንኑ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አባትና እናት በጋብቻቸው ዘመን 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆቻቸው በጋራ አሳዳሪና ሞግዚት መሆናቸውን ይደነግጋል፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የተቀረጸውም በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉ ወላጅን አስቀድሞ ፈተና አይፈትንም። እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ ሕጉ «በጋራ» ነው የሚለው፤ በጓ ስትሸጥ የልጅዎ እናት ያውቁ እንደነበር በጥያቄዎ አልተገለጸም፤ ካላወቁ ግን ከልጅዎ በፊት መነጋገር ያለብዎት ከእርሳቸው ጋር ነው።

የሥልጣኑን ዓይነት ለመረዳት የአገራችንን የቅኔ ቤት ማሰብ ይጠቅማል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወግ ተማሪው ከቀዬው ተነሥቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ መምህሩን በዝና መርጦ ይሄዳል፤ ነገራቸው ካላረካው አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል፤ ይህም እንደ ነውር አይቆጠርበትም። የየኔታ ሥልጣን እንግዲህ በዕውቀታቸው የተገኘና በየዕለቱ በዕውቀታቸው የሚታደስ ነው። ልጅ ግን አባቱን መርጦ አልመጣም፤ አባትም ልጁን ፈትኖ አልተቀበለም። ልጅዎ የተናገረችው ቃል ለየኔታ ቢባል ትክክል ነው፤ ለአባት ሲባል ግን ቦታውን ይስታል። ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት ለእርስዎ ማረፊያ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የማይረባ መምህር ቢገጥመው መሄጃ አለው፤ የ10 ዓመት ልጅ መሄጃ የለውም። መሄጃ በሌለው ሰው ላይ የሚሠራ ሥልጣን ከየትኛውም ሥልጣን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከግዴታ የመጣ ሥልጣን ወሰኑም ከዚያው ከግዴታው ይመዘዛል። ልጅዎ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ በጨለማ ብቻዋን መንገድ እንዳትሄድ፣ የተከራየችበት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነና ከማን ጋር እንደምትኖር ማወቅ ሁሉ እሷን ለመጠበቅ ስለሆነ በሥልጣንዎ ውስጥ ነው፤ ብትቆጣም ሊወስኑበት ይችላሉ። የማዳበሪያ ገንዘብ መሙላት ግን የቤቱ ጭንቅ ነው እንጂ እሷን መጠበቅ አይደለም፤ በአባትነት ሥም ሊያስተላልፉት የሚችሉት ውሳኔ አልነበረም። ብዙ ሰው ስለ ልጆች መብት የሚናገር ሰነድ ሁሉ የልጅን ግዴታ የማያውቅ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። አገራችን የተቀበለችውና እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 31 ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ወላጆቹንና ታላላቆቹን ዘወትር የማክበር፣ ሲቸገሩም የመርዳት ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ያው ቻርተር በአንቀጽ 20 ደግሞ በቤት ውስጥ የሚሰጥ ቅጣትና ሥነ ሥርዓት ሰብአዊነት ያለውና የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ወላጅን ያስገድዳል። ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ከታዘዙበት ከቁጥር 1 ሳንርቅ፣ በቁጥር 4 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ታዘዋል። በየጉባኤው የመጀመሪያው ቁጥር አራተኛው ተትቶ ብቻውን ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ ይህ ለወላጆችም አልበጀም።

ስለ ዱላው አጭር ቃል ይበቃል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትንና መደብደብን ይቀጣል፤ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ጋር የማይቃረን የእርምት እርምጃ የሚወስድ ወላጅን ግን አይቀጣም። የእርስዎ ዱላ ከሁለቱ የትኛው ነበር የሚለውን ራስዎ ይመልሱት። እኔ እንደማየው በዚያ ጠዋት ዱላው የተነሣው ልጅቱን ከጥፋት ለመመለስ አልነበረም፤ በታላቅ ወንድምዎ ፊት የደረሰብዎትን ሐፍረት ለመሸፈን ነበር። የ17 ዓመት ልጅ ይህን ወዲያውኑ ታውቀዋለች፤ ባይመታት እንኳ ያየችውን አትረሳም።

አሁን ወደ አክብሮት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው እርስዎና ልጅዎ የተላለፋችሁት። አሜሪካዊው ፈላስፋ ስቲቨን ዳርዎል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ አክብሮትን በሁለት ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው አንድ ሰው ሰው በመሆኑ፣ ወይም በያዘው ቦታ ምክንያት የሚገባውን ነገር ከግምት አስገብቶ ከእሱ ጋር መኖር ነው፤ ሁለተኛው ሰውየው ባሳየው ጠባይና በሠራው ሥራ እሱን ከፍ አድርጎ መመዘን ነው። የመጀመሪያው ያለ ፈተና የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ያለ ፈተና ሊሰጥ አይችልም፤ አንድን ሰው ያላየሁበትን ጠባይ አደንቃለሁ ብል ውሸታም ያሰኘኛል። በእኛ ቤት የመጀመሪያው አክብሮት መልኩ የታወቀ ነው፤ አባት ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት፣ እጁን ቀድሞ ማስታጠብ፣ በሰው ፊት ቃሉን አለመንጠቅ፣ ነውሩን በአደባባይ አለማውጣት። ይህን ልጅዎ ለእርስዎ አባቷ ስለሆኑ ብቻ ትሰጥዎ ዘንድ ይገባታል፤ መልካም አባት መሆንዎን እስክታረጋግጥ ልታቆየው አይገባትም። ከዚሁ ዓይነት አክብሮት ግን ለልጅም ድርሻ አላት። «አንቺም ጭምር የእኔ ነሽ» የሚለው ቃል ሰውን ከበግና ከእህል ጋር የሚደምር ነውና ይህንኑ አክብሮት አፍርሷል። የልጅዎን ንግግር ያመጣውም፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከበጓ መሸጥ ይልቅ ይህ ቃል ነው።

ሁለተኛው አክብሮት፣ ማለትም ልጅ አባቷን በሰውነቱ መዝና የምታደንቅበት፣ ችግር ሲገጥማት ከማንም በፊት እሱን የምታማክርበት፣ በሌለበት ቦታ ቃሉን የምትጠብቅበት አክብሮት፣ በእርግጥም በሥራ ይገኛል። ለእርስዎ ጉዳይ ዋናው ይህ ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

በወላጅነት ላይ ከተደረጉ ምርምሮች አብዝተው የሚጠቀሱት የዳያና ባውምሪንድ ናቸው። እኚህ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ትንንሽ ልጆችንና ወላጆቻቸውን አጥንተው ሦስት ዓይነት አያያዝ ለዩ፤ ምክንያት ሳይሰጥ ታዘዝ የሚል፣ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ምክንያቱን የሚያስረዳና የልጁን ቃል የሚሰማ፣ እና ሁሉን ልቅ የሚያደርግ። ራሳቸውን በመግዛትና ኃላፊነት በመውሰድ የተሻሉት የሁለተኛው ዓይነት ወላጅ ልጆች ሆነው ተገኙ። ይህ ጥናት የተሠራው በአንድ የአሜሪካ ከተማ ኑሮ ውስጥ ስለሆነ፣ ልጅ ገና በስድስትና በሰባት ዓመቱ ከብት በሚጠብቅበት በእኛ ገጠር ላይ እንዳለ ይለጠፍ አልልም። በብርቱ ቁጣ መካከል ፍቅሩን በማያጠራጥር መንገድ የሚያሳይ የጎጃም አባት በርክሌይ ውስጥ ስሙ የለም። ነገር ግን አንድ ነጥብ ለእኛም ይሠራል። ጥብቅነትና ምክንያት መስጠት ተቃራኒ አይደሉም፤ ምክንያት የሚሰጥ አባት የላላ አባት ማለት አይደለም።

ለልጅዎ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ጁዲት ስሜታና የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሠሩት ነው። ስሜታና ለጎረምሶችና ለወላጆቻቸው ያቀረቡት ጥያቄ «ወላጅ በየትኛው ጉዳይ የማዘዝ መብት አለው?» የሚል ነበር። ልጆቹ የወላጅን ሥልጣን በጅምላ አልካዱም። ሰውን ስለ መጉዳት፣ ስለ ስርቆትና ስለ ውሸት፣ እንዲሁም ስለ ቤት ወግና ስለ ደኅንነት ወላጅ ሊያዝዝ እንደሚገባው በጉርምስናም ዕድሜ ይቀበላሉ፤ የሚከራከሩት የግላቸው ነው በሚሉት ጉዳይ ላይ ነው፤ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥርም የግል የሚሉት ክልል ይሰፋል። ጠቡ ያለው እንግዲህ በድንበሩ ላይ ነው፤ ወላጅ የወግ ጉዳይ ነው የሚለውን ልጅ የግሌ ነው ትላለች።

ይህን በልጅዎ ሳምንት ላይ አስቀምጠው ይዩት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅዎ የአንዲት ጠባብ ክፍል አስተዳዳሪ ናት። ሽሮውና በርበሬው እስከ ዓርብ እንዲደርስ የምትመጥነው እሷ ናት፤ ከሰሉ ሲያልቅ፣ አከራይዋ ስለ ውኃ ሲቆጡ፣ አብራት የምትኖረው ልጅ ስትታመም የምትወስነው እሷ ናት። መቼ እንደምትተኛና ስንት ሰዓት እንደምታጠና የሚነግራት ሰው የለም፤ መንገድ ላይ የሚያስቸግራትን ጎረምሳ የምትመልሰውም ብቻዋን ነው። በአካባቢያችን ትምህርት ሲቋረጥና ሲቀጥል በቆየባቸው ዓመታት ከእኩዮቿ ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲቀሩ እሷ እስከ 11ኛ ክፍል የደረሰችው በዚህ ብርታት ነው። ዓርብ ማታ ደጃፍዎን ስትሻገር ግን እንደ ትንሽ ልጅ ትያዛለች፤ የትኛውን ነጠላ እንደምትለብስ ይነገራታል፤ ስለ ከተማው ኑሮዋ የሚጠየቅ ነገር ካለም ጥያቄው ምርመራ ነው። ብዙ አባቶች ይህን ሲያዩ «ከተማ ገብታ ተበላሸች» ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ኃላፊነት ሰጥተው የላኳት እርስዎ ነዎት፤ ኃላፊነት ተሸክማ የከረመች ልጅ ቅዳሜና እሑድ ልታወርደው አትችልም። የእርስዎ ሥልጣን በአምስቱ ቀን በዓይን ርቀት አይሠራም፤ በእሷ ኅሊና ውስጥ ብቻ ይሠራል፤ እዚያ የሚያስገባው ደግሞ ያ በሥራ የሚገኘው አክብሮት ነው። «አባቴ ይህን ቢያውቅ ምን ይል ነበር?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ የአባቷን ምክር ከዚህ በፊት ፍትሐዊ ሆኖ ያገኘች ልጅ ናት።

«እኔ አባቴን እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም» ብለው ጽፈዋል። አምንዎታለሁ፤ ነገር ግን አባትዎ በምን ላይ ቆመው እንደነበር ማየት ደግ ነው። በርስት ዘመን ልጅ የሚያርሰውን የሚያገኘው በእናት በአባቱ ወገን ቆጥሮ ነበርና ከአባቱ ፊት የራቀ ልጅ በምድሩም ይርቅ ነበር። በ1967 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ ቢባልም፣ ጉልማ (ለልጅ የሚሰጥ ትንሽ እርሻ) የሚቆረጠው፣ በሬ የሚጣመደው፣ ጎጆ የሚወጣው አሁንም በአባት እጅ ነበር። በ1989 በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ድርሻ ያገኙት በዚያን ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሱት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ የወላጁን ድርሻ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ይጠብቃል፣ ወይም በእኩል ያርሳል፣ ወይም ይማራል። የእርስዎ ልጅ የያዘችው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ መሬትዎን አትጠብቅም፤ የምትጠብቀው ፈተናዋን ነው። ስለዚህ አባትዎ ከመሬት ያገኙት የነበረውን ፍርሃትና መታዘዝ እርስዎ ከዚያው ምንጭ ሊያገኙት አይችሉም። ይህ የልጅዎ ድፍረት ያመጣው ለውጥ አይደለም፤ በጎጃም ያለ አባት ሁሉ ዛሬ የገጠመው ነው። በዚህ ላይ የድሮው መታዘዝ ሁሉ አክብሮት እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ አባታቸው እስኪሞቱ ዝም ብለው ቆይተው ልቅሶው ሳይፈጸም በድንበር የተካሰሱ ወንድማማቾች በየወረዳው ፍርድ ቤት ታይተዋል።

ወደ በጓ ልመለስ። በየቤታችን ለልጅ ዶሮ ወይም ግልገል መስጠት የቆየ ደግ ወግ ነው፤ ልጅ ንብረት መያዝን፣ መጠንቀቅን፣ ማርባትን የሚማርበት ነው። የዚህ ወግ ሕመሙ እንስሳው እስኪያድግ የልጅ ሆኖ ሲሸጥ የአባት መሆኑ ነው። ልጅ ከዚህ የምትማረው ለፍቶ ማደር ትርፍ እንደሌለው ነው። አያቷ ሲሰጧት እርስዎ ነበሩ፤ አልተቃወሙም፤ ቤቱ ሁሉ በስሟ ሲጠራት ሰምተዋል። በሥጦታ ያገኘችውን የልጅ ንብረት ወላጅ ሞግዚት ሆኖ ቢያስተዳድር እንኳ ለልጁ ጥቅም ነው እንጂ ለራሱ ዕዳ አይደለም። በልጆች የፍትሕ አስተሳሰብ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩትም ልጆች ገና በትንሽነታቸው የወላጅ ትእዛዝ የሰውን ነገር መውሰድን ትክክል እንደማያደርገው ይለያሉ፤ ይህን የሚማሩትም ከእኛው ነው። እርስዎ ከጎረቤት ማሳ አንዲት ዛላ በቆሎ ቆርጣ ብትመጣ መልሳ እንድታስቀምጥ ያስገድዷት እንደነበር አልጠራጠርም።

ችግርዎን አላቃልለውም። ማዳበሪያ በወቅቱ ካልተገዛ ክረምቱ አይጠብቅም፤ ያለ ማዳበሪያ የተዘራ በቆሎ ደግሞ የእሷንም የቤት ኪራይ አይከፍልም። ይህንኑ ለእሷ መንገር ይችሉ ነበር። ዓርብ ማታ እሳት ዳር «የማዳበሪያው ገንዘብ ጎድሎብኛል፤ በግሽን አበድሪኝና ከመኸር በኋላ እተካልሻለሁ» ቢሏት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ስትመጥን የምትኖር ልጅ የጎደለ ቤት ምን እንደሆነ ታውቃለችና እምቢ ትል ነበር ብዬ አላስብም። እምቢ ብትልስ? ያኔ ሌላ በግ፣ ሌላ ብድር ይፈልጉ ነበር፤ ወይም ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ይመክርበት ነበር።

ይቅርታ መጠየቅ ሥልጣንን ያሳጣል ወይ ለሚለው፣ በሥራዬ ካየሁት የምናገረው ተቃራኒውን ነው። ሥልጣንን የሚያሳጣው ቤቱ ሁሉ ያወቀውን ጥፋት አባት ብቻውን አልሠራሁም ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ልክ ሆኖ የሚያዝዘውም ነገር ይጠረጠራል። «በጓ ያንቺ ነበረች፤ ሳልጠይቅሽ መሸጤ ልክ አልነበረም» ያለ አባት በሚቀጥለው ቀን «በጨለማ አትሂጂ» ቢል ቃሉ ይሰማል፤ ለራሱ ሲል ሳይሆን ለእሷ ሲል እንደሚናገር ታውቃለችና። ይቅርታው ግን የተሸጠውን ነገር በቃል ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ባይባል ይሻላል፤ መተካት አለበት። እንዲሁም «እኔ በጓን ሸጥኩ፣ አንቺም ተሳደብሽ፣ ተጣፋን» የሚል ማቻቻል አይሁን፤ የእርስዎ የእርስዎ ነው፤ የእሷ ለብቻው ይመጣል።

የታላቅ ወንድምዎን ምክር አልቀበለውም። ድንጋይ ተሸክሞ ጉልበት መሳም በአገራችን ከባድ በደል የሠራ ሰው በሽማግሌ ፊት በደሉን አምኖ የሚፈጽመው የዕርቅ ሥርዓት ነው፤ ሽማግሌም ድንጋይ ከማሸከሙ በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማል። እዚህ ላይ ሁለቱ ወገን ቢሰማ ቀድሞ የተበደለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የተበደለችውን ድንጋይ ማሸከም ሥርዓቱንም ያቀልለዋል። እርግማኑን ደግሞ በምንም መንገድ አያንሡት። በእኛ ዘንድ የወላጅ እርግማን ይፈራል። ተረግሜያለሁ ብላ የምታምን ልጅ ፈተና ብትወድቅ፣ ብትታመም፣ ትዳሯ ቢፈርስ ሁሉን በዚያው ላይ ትጭነዋለች፤ ከእንዲህ ያለ እምነት ጋር ጎልማሳ ሆነው የሚታገሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ የረገሟቸው ወላጆች ግን አብዛኞቹ በማግሥቱ ረስተውት ነበር።

ልጅዎ ይህን ምላሽ ብታነበው ለእሷም የምለው አለኝ። በአጎትሽ ፊት የተናገርሽው ቃል ትክክለኛ ቅሬታ ቢይዝም አባትሽን በታላቁ ፊት ማዋረዱን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ቅሬታሽን ማታ ብቻውን ሲሆን ብትነግሪው ቅሬታሽ አይቀንስም ነበር። ለወላጅ የሚገባው የመጀመሪያው አክብሮት ወላጅ ጥሩ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዋጋ ቢሆን ኖሮ ያረጀና የደከመ፣ አእምሮውም የከዳው አባት ምንም አይቀርለትም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 አባትህ ማስተዋል ቢያጣ እንኳ ታገሠው የሚለው ለዚህ ነው። የቤተሰብ ሕጋችንም ወላጅና ልጅ አንዱ ሌላውን እንዲጦር ግዴታ ሲጥል የመጦሪያው መጠን በወላጅ መልካም ጠባይ ይለካ አላለም። በልጃቸው ላይ ከባድ ወንጀል የፈጸሙ ወይም ጥለው የጠፉ ወላጆች ጉዳይ የተለየ ነው፤ እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ልጅ ራሱን አርቆ ቢኖር አልወቅሰውም። ያንቺ አባት ግን ከዚያ ወገን አይደለም፤ ልጄ ለምን ራቀችኝ ብሎ የሚጠይቅ አባት ነው።

ለእርስዎ፣ ወንድሜ፣ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው። እሷ እስክትመጣ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ስንቁን የጎረቤት ልጅ አይውሰደው፣ እርስዎ ራስዎ ይውሰዱት፤ ታላቅ ወንድምዎም አይከተሉዎት። ክፍሏ ሲደርሱ ዕቃዋን አይፈትሹ፣ ስልኳንም አይጠይቁ። ስለ በጓ የሚሉትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩና የሚተኩበትን ጊዜ ቁርጥ ያድርጉላት፤ እህሉ በሚገባበት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከሆነ ወሩን ይንገሯት፤ ሲገዙም አብራችሁ ገበያ ወጥታችሁ ራሷ ትምረጥ። «አንቺም ጭምር የእኔ ነሽ» ያሉትን ቃል ለብቻው ያንሡት፤ ከበጓ ጋር አይደባለቅ። ከዚያ ቃሏን ይስሙ፤ ብታለቅስ ወይም ዝም ብትል አያስቸኩሏት። በአጎቷ ፊት ስለተናገረችው መናገር ያለብዎት በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ነው፤ ያኔ አጎቷን ራሷ ሄዳ ይቅርታ እንድትጠይቅ ሊያዝዟት ይችላሉ፤ ይህ ሙሉ በሙሉ በሥልጣንዎ ውስጥ ነው፤ የምትፈጽመውም ይመስለኛል።

ከተማ ስላለው ኑሮዋም በዚያው ሰሞን ከእናቷ ጋር ሦስት ሆናችሁ ተነጋገሩ። የትኛውን ነገር እሷ ብቻዋን እንደምትወስን፣ የትኛውን ነገር ነግራችሁ እንደምትወስን፣ የትኛው ደግሞ ያለ እናንተ ፈቃድ እንደማይሆን በስም ጠርታችሁ ለዩ፤ የመጨረሻው ዝርዝር አጭር ይሁን፤ ባጠረ መጠን ይጠበቃል። 18 ዓመት ሲሞላት ይህን ንግግር እንደገና ታደርጉታላችሁ። ታላቅ ወንድምዎ ቅር ቢሰኙ የሽምግልናው ቦታ እንዳልተዘጋ ይንገሯቸው፤ ሁለታችሁ መነጋገር ካቃታችሁ የሚጠሩት ሽማግሌዎች የልጅቱን ቃል ከእርስዎ ቃል እኩል የሚሰሙ ይሁኑ፤ ከእነሱም አንዷ ግልገሏን የሰጧት ሴት አያቷ፣ በሕይወት ካሉ፣ ቢሆኑ መልካም ነው።